በጥፍር ቀለም የታተመ ኮፋኖ

በአንድ ወቅት፣ አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ ከሚያስወጣው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ መርጊያ የሚባል ባለጋራዥ ነበረ። ሰው ሁሉ ጋሽ መርጊያ ይለዋል። ሚስቱ እኔ ነኝ። ጋራዡ ውስጥ የሆነውን ራሴ አይቻለሁ። መንገድ ላይ የሆነውን ግን አብረው የሄዱት ሦስቱ ሠራተኞች ለየብቻ ነግረውኛል፤ እዚህ የማሰፍረው ሦስቱም የተስማሙበትን ብቻ ነው።

ሦስቱ ሦስት ዓይነት ስጦታ ነበራቸው።

ረመዳን ሞተር ያውቃል። ደክሟል ተብሎ ከተጣለ ሞተር ውስጥ የቀረውን ጉልበት ፈልጎ ያወጣል። በወጣትነቱ ራሱ ባፈጠናት መኪና ቦይ ውስጥ ገብቶ ሦስት የጎን አጥንት ሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ መጀመሪያ ሳይጽፍ አይነካም። ጋራዡ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል።

ፍሬሰንበት የቶርኖ ሠራተኛ ናት። ብረት ትቆርጣለች፣ ትልጋለች፣ ትበሳለች። መለኪያ ሳታነሳ በአውራ ጣቷ ዳስሳ “ይቺ ትንሽ ወፍራለች” ካለች፣ ኋላ ሲለካ ወፍራ ትገኛለች። እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት አራት ጋራዥ ጠይቃ ነበር። አራቱም “ሻይ ቤቱን ትይዢልን እንደሆን” አሏት።

ጉዲና ጆሮ አለው። ስድስት ዓመት የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሷል። አንድ መኪና ገና ከአስፋልቱ ወደ ግቢያችን ሲታጠፍ፣ ቀና ሳይል የታመመበትን ቦታ ይናገራል። ከዚያ ውጪ ብዙ አያወራም። ሲያዳምጥ ብርቱካን ይልጣል።

እኔና መርጊያ ልጅ የለንም። ልቡ ደክሞ ሐኪም ከሥራ ባገደው ጊዜ፣ በር ላይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሦስቱን ጠራቸው።

“ጋራዡን ከሦስታችሁ ለአንዳችሁ እተወዋለሁ” አላቸው።

“ለሦስታችንም ቢሆንስ ጋሼ?” አለ ረመዳን።

“አይሆንም። ሁለት አለቃ ያለበት ጋራዥ አንዱ ‘ሌላው አጥብቆታል’ ብሎ ብሎኑን ይተወዋል። ሦስት ከሆናችሁማ ጎማው መንገድ ላይ ይወልቃል።”

ፍሬሰንበት ሳቀች። “ታዲያ አንዱን በምን ይመርጡታል?”

መርጊያ በጓሮው የቆመችውን ቀይ ዲኤክስ የቤት መኪና በአገጩ አሳያቸው። ወጣት ሳለ የገዛት ናት። “እሷን ውሰዱና ቱርቦ ግጠሙላት። ፈጣን መኪና መሥራት ለማንም አይከብድም፤ ልጆቹ ሠርተው ሠርተው ሲያፈነዱት ታያላችሁ። እኔ የምፈልገው እሁድ ሮጣ ሰኞ ሥራ የምትገባ ናት።”

ፈተናውን እንዲህ አስቀመጠላቸው። መኪናዋ እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከበሩ ትነሳለች። ከዴራ መውጫ እስከ ኢተያ መግቢያ ያለውን ዳገት በአሥራ አምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። አሰላ ደርሳ ትመለስና እኩለ ቀን ላይ መተሐራ ትገኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እዚሁ በር ላይ ትቆማለች። ኮፋኖዋ፣ የሞተሯ ክዳን፣ አንዴ ከታተመ በኋላ ቤቷ እስክትገባ አይከፈትም።

“ከተመለሰች፣ ‘ያለ እሱ ይህቺ መኪና በሰዓቷ አትገባም ነበር’ የምንለው ሰው ጋራዡን ይወስዳል፤ ሁለቱ ይሰናበታሉ” አለ።

“ካልተመለሰችስ?” አለ ጉዲና።

“ካልተመለሰች ጋራዡ ይሸጣል። ሦስታችሁም ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ።”

ስለ ማተሙ ማስረዳት አለብኝ። መርጊያ አጥብቆ የጨረሰው ብሎን ላይ በእኔ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር የማስመር ልማድ ነበረው፤ የመስመሩ ግማሽ ብሎኑ ላይ፣ ግማሹ ብረቱ ላይ። ብሎኑ ከተነካ መስመሩ ይሰበራል። ደንበኛ “አጥብቄዋለሁ ብለህ ነበር፣ ላልቷል” ብሎ ሲመጣ መስመሩን አይቶ ሌላ እጅ ነክቶት እንደሆነ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፍሬን ስቀባ ሲያየኝ የሚጠይቀኝ ቀለሙ ስንት እንደቀረ ብቻ ነበር። የዲኤክሷን ኮፋኖ ለማተም ሦስት ብሎን አስገቡበት።

ዕቅዱን ያወጣው ረመዳን ነው። ከቶርኖው አጠገብ ባለው ትልቅ የላሜራ በር ላይ በጠመኔ ጻፈው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሁላችንም ቱርቦ የሚል ጠብቀን ነበር። ፍሬን ብሎ ጻፈ።

“ይህን ሁሉ የምንለፋው ለመቆም ነው እንዴ?” አለ ጉዲና።

“ይህን ጎኔን ጠይቀው” አለው ረመዳን የተሰበሩትን አጥንቶች በመዳፉ እየመታ። ቀጥሎ ከትልቅ መኪና የሚወጣ ራዲያተር ብሎ ጻፈ። ከዚያ ፍሪሲዮን። ከዚያ የዘይቱ መንገድ። ከዚያ ሞተሩን የሚያስሩት ብሎኖች በወፍራም እንዲቀየሩ። ቱርቦ ስድስተኛው መስመር ላይ መጣች። ከሥሯ በሰባተኛው “ግፊት፦ ከግማሽ አይበልጥም” ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ምኑም ሳይገባኝ ቀርቶ ስጠይቀው እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። “እትዬ ውድነሽ፣ ሞተር የሚተነፍስ ነገር ነው። ቱርቦ ማለት በራሱ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረች አየር ጠቅጥቃ የምታስገባለት ናት። አየር ሲጨምር ቤንዚንም አብሮ መጨመር አለበት። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ ውስጡ እንደ እቶን ይግልና ፒስተኑ ይቀልጣል። ጥበቡ ያ ብቻ ነው።”

አራት ወር ሠሩ። ቱርቦዋን ከተገለበጠች ፒክአፕ አወጧት። ፍሬሰንበት የፒስተኖቹን አናት ላገች። ቱርቦዋን ከሞተሩ የሚያጋጥመውን ወፍራም ብረት ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ጣለችው፤ በአራተኛው ጊዜ ዳስሳው ለረመዳን አቀበለችው። ቤንዚን የሚያልፍባትን የካርቡራቶር የነሐስ ቀዳዳም እንደ ፀጉር በቀጠነ መብሻ የበሳችው እሷ ናት። ረመዳን በዳሽቦርዱ ላይ ከዜሮ እስከ አንድ የምትቆጥር የግፊት መርፌ፣ ከመሪው ሥር ደግሞ ትንሽ የነሐስ ቧንቧ ገጠመ። ቧንቧዋ ስትከፈት ግፊቱ ይጨምራል፣ ስትዘጋ ይቀንሳል። ጉዲና እየነዳ ያዳምጣል፤ “የግራ የኋላ ጎማ ታቃስታለች” ይላል፣ ያስተካክላሉ።

ቤንዚኑን የመጠኑት በአሰላ ዳገት ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ወጥተው ወርደዋል። ለምን እዚያ ቢባል፣ ሦስቱም፣ መርጊያም ጭምር፣ እንደ አገሬው ሁሉ ፈተና የሚሉት ዳገትን ነው። ሰው ሲደክም የሚያየው ሽቅብ ሲወጣ ነውና ሞተርንም እንደዚያው ያስቡታል። ቁልቁለቱና ሜዳው እንደ ዕረፍት ይቆጠራል። አሰላ ግን ብርድ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። መተሐራ ቆላ ነው፤ ሐሩር አለው፣ አየሩም ወፍራም ነው። አሰላ ላይ የበቃ ቤንዚን መተሐራ ላይ ያንሳል። ያን ጊዜ ይህን ያሰበ አልነበረም፤ ወይም ያሰበው አልተናገረም።

ቅዳሜ ጠዋት መርጊያ ወንበሩን ወደ መኪናዋ አስጠግቶ ሦስቱን ብሎኖች ቀባ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው ወጡ። ከዚያ ገብቶ ተኛ።

ከምሳ በኋላ ፍሬሰንበት ከማተሙ በፊት ወጥተው በአዲስ የተተኩትን አሮጌ ካንዴላዎች፣ እሳት የሚጭሩትን፣ ስታጸዳ ቆየችና ተነሳች። ዓርብ ዕለት ቧንቧ ለማምጣት መኪናዋን ይዛ ወለንጪቲ ወርዳ ነበር። ከአሰላ ሲመለሱ የዳቦ ቅርፊት መልክ የነበራቸው ካንዴላዎች አሁን እንደ ጠመኔ ነጥተዋል።

“ረመዳን፣ እነዚህን እያቸው” አለችው።

“የቀዳሽው ቤንዚን ነው።”

“አልቀዳሁም። ቆላ ስትወርድ ቤንዚን አንሷታል። ቀዳዳዋን አንድ ቁጥር ላስፋት።”

“ፍሬ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አሰላ ወጥታለች። ዳገት ላይ ያልቀለጠች ሜዳ ላይ ልትቀልጥ ነው? ደግሞ ታትሟል፣ ጋሼ ቀብተውታል።”

“እንግዲያው ለጋሼ እንንገራቸው።”

“ሂጂ፣ ንገሪያቸውና ልባቸውን አስደንግጪ።”

ወደ ቤት መጣች። “ተኝቷል” አልኳት። 

“እትዬ፣ ያችን ቀይ ቀለም ይሰጡኛል?”

“ጠዋት ቀብቶ የለም እንዴ?”

“አንዷ ብሎን ላይ ለቃለች።”

ሰጠኋት። ሌላ አልጠየቅኋትም። በኋላ እንደነገረችኝ ኮፋኖውን ከፍታ፣ የነሐሷን ቀዳዳ አንድ ቁጥር አስፍታ፣ መልሳ ዘግታ በመርጊያ መስመር ልክ አሰመረች። ረመዳን ያን ጊዜ አስፋልቱ ዳር ከልጆች ጋር ኳስ ያይ ነበር፤ ጉዲናም አብሮት ነበር።

እሁድ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ። ጉዲና መሪውን ያዘ፣ ረመዳን ከጎኑ ተቀመጠ፣ ፍሬሰንበት ከኋላ። እኔና መርጊያ በር ላይ ስልክ ይዘን ቀረን፤ የዳገቱን ሰዓት የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ከዴራ መውጫ ደወሉ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዳገቱን አልወደደችውም። በአሥራ ሁለቱም ጊዜ እየዘለለች የወጣችው ዲኤክስ ጥቁር ጭስ እየተፋች መጎተት ጀመረች።

“ምን ነካት?” አለ ረመዳን።

“ጠግባለች” አለ ጉዲና። “ቤንዚን በዝቶባታል።”

“ከየት ይበዛባታል? ራሴ የመጠንኩት ነው!”

ፍሬሰንበት ከኋላ ሆና ሰማች። አልተናገረችም።

ሰባት ደቂቃ አለፈ፤ መንገዱ ገና አልተጋመሰም። ረመዳን ኮፋኖውን መክፈት አይችልም፤ የሚደርስበት ነገር ያቺ የነሐስ ቧንቧ ብቻ ናት። ከግማሽ አይበልጥም ብሎ ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ራሱ ነው። እጁን ከመሪው ሥር ሰደደና ከፈታት። መርፌዋ ግማሽን አልፋ ወደ አንድ ተጠጋች። ሲደፍር ሞተሩ ሊፈነዳ እንደሚችል አውቆ ነው። የገባው አየር የተረፈውን ቤንዚን አገኘ፤ ጭሱ ጠራ፤ መኪናዋ እንደ አዲስ ተነሳች።

“ረመዳን፣ የጻፍከውን አልፈሃል” አለችው ፍሬሰንበት።

“ብጽፈውም ባልጽፈውም፣ ኢተያ መግባት አለብኝ።”

ኢተያ መግቢያ ላይ ሲደውሉ አሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆኖ ነበር። መርጊያ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

አሰላ ደርሰው ተመለሱ። አዳማን አልፈው ቁልቁል ወደ መተሐራ ወረዱ። ረመዳን ቧንቧዋን አልዘጋትም። ግማሽ ላይ ሲመልሳት መኪናዋ ታነክሳለች፣ ሲከፍትላት ትነቃለች፤ ምክንያቱን አላወቀም፣ የወደደችውን ሰጣት።

እኩለ ቀን ላይ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ ጥቁሩ ድንጋይ መሐል፣ ጉዲና ራሱን ወደ በሩ አዘነበለ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ጠጠር የሚመስል፣ ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ሰማ፤ በጣም ቀጭን ነበር።

“ትሰማለህ?”

“የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው” አለ ረመዳን። “መርፌዎቹን እያቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው።”

 ጉዲና እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሳ። እጁን ሰድዶ የረመዳንን ቧንቧ ጥርቅም አድርጎ ዘጋት። ከዚያ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የሞተሩን ሙቀት ወደ ሰዎቹ አዞረው ማለት ነው።

“አብደሃል? መተሐራ ላይ ማሞቂያ! ልትቀቅለን ነው?”

“እሷ ከምትቀቀል እኛ እንቀቀል።”

ጉዲና መተሐራ ደርሶ ዞረ። በሰዓት በሠላሳ አምስት ኪሎሜትር፣ እግሩን እንደ እንቁላል እያስቀመጠ መመለስ ጀመረ። ሚኒባሶች አለፏቸው። የአገዳ መኪና አለፋቸው። በመጨረሻ ባጃጅ አለፈቻቸው፤ ከኋላዋ የተቀመጡ አሮጊት አንገታቸውን አውጥተው “ልጆቼ፣ ወርደን እንግፋችሁ እንዴ?” አሏቸው።

“አራት ወር የለፋነው በባጃጅ ለመታለፍ ነው?” አለ ረመዳን። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። “ሰባት ተኩል ሆነ እኮ! ጉዲና፣ በዚህ አካሄድ ዘጠኝን አናይም። ጋራዡን ሸጥከው!”

“ዝም በል፣ እያዳመጥኩ ነው።”

“ምኑን?”

“አንተን እንዳልሆነ እወቅ።”

ወለንጪቲን ካለፉ በኋላ አየሩ ትንሽ ቀዘቀዘ። ጠጠሩ ጠፋ። ጉዲና አንድ ሁለት ኪሎሜትር ጠብቆ እግሩን ቀስ በቀስ መለሰ። ለዘጠኝ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ከአስፋልቱ ወደ ግቢያችን ሲታጠፉ መርጊያ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ሐኪሙ እንዳይነሳ ከልክሎታል፤ እኔ ግን አላስቀመጥኩትም።

ሦስቱ ላብ እንዳጠመቃቸው ወረዱ። መርጊያ ወደ ኮፋኖው ሄዶ ሦስቱን መስመሮች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሦስተኛዋ ላይ ጣቱን ትንሽ አቆያት። “መልካም” አለና ወንበሩ ላይ ተመለሰ። ያወቀው ነገር ይኑር አይኑር አልነገረኝም፤ እኔም ስለ ቀለሙ አልነገርኩትም።

በማግሥቱ ሆስፒታል ገባ። ረቡዕ ዕለት የጋራዡን ቁልፍ ከትራሱ ሥር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

“ሞተሩ ሲፈታ አብረሻቸው ቁሚ” አለኝ። “ያየሽውን አይተሽ ቁልፉን ለሚገባው ስጪ።”

“እኔ ሞተር አላውቅም።”

“ለዚህ ነው አንቺን የመረጥኩሽ። ለብረት አታዳይም።”

ሐሙስ አረፈ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሞተሩን ፈቱት። እኔ ቁሜ አየሁ። ከአራቱ ፒስተኖች የአንዱ ጠርዝ መቅለጥ ጀምሮ ምስር የምታህል ጉድጓድ ይዟል። ረመዳን በጥፍሩ ነካት።

“ጨርሶ ሊበሳ ጥቂት ኪሎሜትር ቢቀረው ነው” አለ። ቀጥሎ ባለቀዳዳዋን የነሐስ ፍሬ ከካርቡራቶሩ አውጥቶ ወደ ብርሃን አየባት፤ መብሻ ከተተባት፤ መብሻው ተንሸራቶ ገባ። “ይቺ የኔ ቁጥር አይደለችም።”

“የኔ ናት” አለች ፍሬሰንበት።

ሁሉንም ተናገረች። ረመዳን ፍሬዋን ጨብጦ ወደ እሷ ዞረ።

“ዳገቱ ላይ ያነቅሻት አንቺ ነሽ! እኔ ቧንቧውን ባልከፍት ኢተያ ሳንገባ ሰዓቱ ያልቅ ነበር። ፈተናው እዚያው ያበቃ ነበር። የጋሼን ማኅተም ሰብረሽ፣ ከኋላ ቁጭ ብለሽ ‘ምን ነካት’ ስል ትሰሚኛለሽ?”

“ብነግርህ ቀዳዳዬን ማጥበቢያ አልነበረህም፤ ኮፋኖው ተዘግቷል። ባላሰፋት ኖሮ ግን ይቺ ጉድጓድ ምስር አታህልም፣ ባቄላ ነበረች። አንተ ግፊቱን ወደ አንድ አድርሰህ መተሐራ ወርደህ፣ በአሰላው ቀዳዳ፣ በሰቃን አታልፍም። ካንዴላው ነጥቷል ብዬ አሳይቼህ ነበር።”

 ረመዳን ወደ ጉዲና ዞረ።

“አንተስ? እሷ ቅዳሜ ያወቀችውን አንተ ስድስት ዓመት ታውቀዋለህ። የጅቡቲ ሹፌሮች ቆላ ሲወርዱ ለአየሩ ብለው ሞተራቸውን እንደሚያስተካክሉ ታውቃለህ። በሩ ላይ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠህ ብርቱካን ስትልጥ ነበር!”

“ጠይቀኸኛል?” አለ ጉዲና።

“ካልተጠየቅህ አትናገርም?”

“ዕቅዱ ያንተ ነው ብለህ ጠመኔውን ለማንም አልሰጠህም። የኔ ሥራ መንዳት ነበር። ነዳሁ። ‘ጋራዡን ሸጥከው’ ስትለኝም ነዳሁ። እግሬን ባላነሳ ኖሮ የእሷም ቀዳዳ፣ ያንተም ፍሬን፣ ያንተም ራዲያተር በሰቃ ላይ ይቀሩ ነበር።”

“እግር ማንሳት ያስፈለገህ በዝምታህ ነው” አለች ፍሬሰንበት ቀስ ብላ። “ቀድመህ ብትናገር እኔም ማኅተም አልሰብርም ነበር።”

 ሦስቱም እኔን አዩኝ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር፤ ለማንም ሳልሰጥ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። ጋራዡ ለእሱ ካልሆነ ለማን ይገባ እንደሆነ ለረመዳን ባቀርብለት “ለፍሬ” አለኝ። ፍሬሰንበት “ለጉዲና” አለችኝ። ጉዲና ብርቱካኑን ልጦ ሲጨርስ “ለረመዳን፤ ከሰባቱ መስመሮች ስድስቱን ማንም አላስተካከላቸውም” አለኝ። ስለዚህ የእነሱም ድምፅ እኩል ሦስት ቦታ ተካፈለ።

ጎረቤቶች ሲሰሙ ይጣላሉ። አንዱ፣ መኪናዋን መኪና ያደረገው የረመዳን ጽሑፍ ነው፤ ዳገቱም ላይ የራሱን ሕግ ለመጣስ የደፈረ እሱ ነው ይላል። ሌላው ያንኑ ሰው ይዞ፣ ስሕተቱም የእሱ ነው፣ ሲነገረውም አልሰማም ይላል። ፍሬሰንበት ማንም ያላየውን አየች የሚሉ አሉ፤ የታመመ ሰው አምኗት ያተመውን ማኅተም ሰብራ መልሳ ቀባች፣ ነገ የደንበኛ መኪና ላይ ምን ታደርጋለች የሚሉም አሉ። ጉዲና ምንም ሳይሠራ እግሩን በማንሳት ብቻ ሁሉንም አዳነ ይባላል፤ የሚያውቀውን አምቆ አራት ወር የተቀመጠ ሰው አለቃ ይሆናል ወይ ተብሎም ይጠየቃል።

የጋራዡ ቦታ የኪራይ ውል ሐምሌ ሠላሳ ይታደሳል። አንድ ስም ይጻፍበታል፤ ሁለቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት በሩን እኔ እከፍትላቸዋለሁ። ሦስቱም ቀድመውኝ ቆመው ይጠብቁኛል፣ ሰላም ይሉኛል፣ ማንም ከማንም ቀድሞ አይገባም።

ዳገቱን በድፍረቱ ያስጨረሳት፣ ስሕተቱንም ያመጣው ረመዳን? ቆላውን አስቀድማ ያየች፣ ማኅተሙን ግን የሰበረች ፍሬሰንበት? ወይስ በመጨረሻ ሰምቶ ያቆማት፣ በመጀመሪያ ግን ዝም ያለው ጉዲና? ብዕሩ በእናንተ እጅ ቢሆን ኖሮ ውሉ ላይ የማንን ስም ትጽፉ ነበር?